የግራው ወንበር

ሲስተር ወንበሩን አንስታ ከአልጋው በስተግራ፣ ከፍራሹ ጠርዝ አስጠግታ አስቀመጠችውና «ከዛሬ ጀምሮ ቦታዎ ይሄ ነው» አለቻት።

ሚስትየዋ ወንበሩንም ሲስተርንም አየች። ባሏ ስትሮክ ጥሎት እዚህ ማገገሚያ ከገባ ወዲህ የሰነበተችው በቀኙ ተቀምጣ ነው። በቀኙ ስትሆን ያያታል፣ ያጫውታታል፣ ሲያሻው ይቆጣታል። በግራው ስትሆን ግን የለችም። ዐይኑ ደህና ነው፤ ጆሮውም ደህና ነው፤ ግራ የሚባለው ነገር ብቻ ከዓለም ተቆርጦ የቀረ ይመስላል። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ጥርግ አድርጎ ይበላና «የዚህ ቤት ሰዎች እጃቸው አይፈታም» ብሎ ያማል። ሲላጭ ግማሽ ጢሙን ይዞ ይነሣል። የገዛ ግራ እጁን እንኳ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ አድርጎት ቁጭ ብሏል።

«የሚያየኝ እኮ በዚያ በኩል ነው» አለች ሚስትየዋ።

«ለዚያ ነው ያዛወርኩዎት። በሚያዩት በኩል ተሰብስበን ከጠበቅናቸው ለምን ብለው ይዞራሉ? ግራቸውን ራሳቸው ፈልገው ማግኘት አለባቸው። እንዲህ እንደሆኑ ቤት ብንልካቸው የበሩ መቃን ይመታቸዋል፤ እጃቸው ምድጃ ላይ ቢያርፍ አያውቁትም። ሲዞሩ ቤታቸው ይገባሉ።»

ቤት የሚለው ቃል አፏን አስያዛት። ሄዳ ተቀመጠች።

ቀኙን የባሏ ታላቅ እህት ወረሱት። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በዚያ በኩል ደግሞ መስኮት አለ። «እኔን ከዚህ የሚያነሣኝ ክሬን ነው» ብለው ለሲስተር ቁርጡን ነገሯት። ሲስተርም «ይሁን፤ ብቻ ሚስታቸው ያሉበትን አይጠቁሟቸው» ብላ ተወቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ ነው። ሚስትየዋ ከግራ ትናገራለች፤ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ሹፌር ባሏ ግን ለእህቱ ይመልሳል።

«ማታ እንቅልፍ ወሰደህ?»

«ወሰደኝ» ይላል፣ እትዬን እያየ። «እትዬ፣ ድምፅሽ ግን ቁርጥ የሚስቴን መሰለ።»

«አብረን ነው ያረጀነው፤ ቢመስል ምን ይደንቃል» ይላሉ እትዬ፣ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፍነው።

«ለመሆኑ እሷ የት ጠፍታ ነው? ተጣላችሁ እንዴ?»

ግራ እጁ እኮ የሚስትየዋ ጭን ላይ ነው። ሲስተር እንዳሳየቻት ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፣ መዳፉን በቅባት ታሻለች። ሰውየው እጁን አስይዞ «የት ጠፋች» ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ አልቻለችም። አልጋውን ዞራ በሳቸው ቦታ ዘፍ አለች። የባሏ ፊት ወለል ብሎ በራ።

«መጣሽ? ሰው እንዲህ ይጠፋል?»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ለመመለስ አፏን ሳትከፍት ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች። አልተቆጣችም፤ የግራውን ወንበር በአገጯ ብቻ ጠቆመች። ሚስትየዋ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ተነሥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሱ የቀኙን ባዶ ወንበር እያየ «አሁን እዚህ አልነበረችም?» ይላል።

ሹፌሩ የሚወዳት ወሬ አለችው። አውቶቡሱ በዝናብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶበት ከአሸዋ ክምር ጋር አላትሞ ያቆመበት ቀን ናት። በየሰዉ ቤት ሲያወራት ተሳፋሪው እየበዛ፣ ቁልቁለቱ እየረዘመ ሄዷል። ያኔ ሚስትየዋ በዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች። እውነቱን የምታውቅ እሷ ናት፤ ወሬው ተሳፋሪው ጋ በደረሰ ቁጥር «ባዶ ነበር፤ ወደ ጋራዥ ነበር የምንሄደው» ብላ ታቋርጠዋለች። እሱ ይናደዳል፤ ሰው ይስቃል።

በሌላ ቀን ሲስተር የደም ግፊቱን ልትለካ የቀኝ ክንዱን ስታስር ወሬዋን ጀመረላት። ሚስትየዋ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ ሽታው ያዞረው እንደሆነ ብላ። እሱ ግን አየሩን ሳብ አደረገና «ሲስተር፣ ዛሬ ብርቱካን ብርቱካን ትያለሽ» አላት። ሚስትየዋ ቆሽቷ አረረ። እንግዲያው ራሴ ልብላው ብላ ግማሹን ባንዴ ጎረሰችው።

«አውቶቡሱ እስከ በሩ ጢም ብሏል» አለ ሹፌሩ፣ ቆም ብሎ።

የሚያቋርጠው የለም።

«ጢም ብሏል ነው የምልሽ። ሰው በሰው ላይ ቆሞ።»

ሚስትየዋ ብትሞክርም አፏ አልታዘዝ አለ። ጭማቂው በአገጯ ወረደ። እትዬ ሊናገሩ ሲሉ ሲስተር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሹፌሩ እህቱን አየ፤ የሚፈልገው ሰው እሳቸው አይደሉም። የአልጋውን ግርጌ አየ። በሩን አየ።

«በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥለዋል» አለ፣ አሁን ድምፁ ቀነስ ብሎ።

አንገቱ እንደ ጠጠረ መሪ ትንሽ ዞረ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። መሐሉን አለፈ። መድኃኒት የተደረደረበትን ጠረጴዛ አለፈ። ከዚያ ጉንጯ ያበጠ ሴትዮ አገኘ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

ልትውጥ ትታገላለች።

«ብቻሽን ትበያለሽ እንዴ?»

ዋጠች። «ባዶ ነበር» አለች።

«ባዶስ አልነበረም። አንቺ ነበርሽበት።»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሹፌሩ ዐይን ከፊቷ ወረደና ጭኗ ላይ ቆመ።

«ይሄ የኔ እጅ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ሁልጊዜ እዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ የት ጣልኩት እላለሁ» አለ። ትንሽ አሰበና «በይ አትልቀቂው፤ ደግሞ እንዳይጠፋ» አላት።

ሚስትየዋ ሲስተርን ቀና ብላ አየቻት። «መቼ ቤት ይገባል?» የሚለው ጥያቄዋ ሳትናገረው ለሲስተር ገብቷታል።

«አንድ ቀን መዞር አይበቃም» አለች ሲስተር፣ የግፊት መለኪያውን እየፈታች። «ግን መንገዱን አግኝተውታል። እንደዚህ ከቀጠሉ የቤታችሁ በር ይስፋ አይስፋ እያልን የምንነጋገርበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም።» ከዚያ ወንበሩን ከነሚስትየዋ ለመግፋት ሞክራ አቃታት። «ነገ ትንሽ ራቅ እናደርገዋለን።»

ሚስትየዋ አላጉረመረመችም። የተረፈውን ብርቱካን በባሏ ሳህን የግራ ጠርዝ ላይ አኖረችና፣ እጁን ሳትለቅ፣ ወንበሯን ራሷ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችው።