ከሐይቁ የሚጣራው ድምፅ

ምናሴ ባሕር ዳር ላይ አራት የአስፈሪ ፊልም ክፍሎች ሠርቷል። የመጀመሪያው «የሐይቁ ጠሪ» ሀገሩን አስጮኸ፤ እያደር ግን ቀለለና፣ አራተኛው ላይ አውሬው ከነላስቲክ ቆዳው ከጣና ብቅ ሲል ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከስንት ዓመት በኋላ አይሆንለትም ሲሉት አምስተኛውን ሠራ። ይሄም ከተሳቀበት ከፊልም ጋር ሊፋታ ለሚስቱ ለርሆቦት ምሎላታል።

በዚህኛው አውሬ የለም። ሐይቁ ጭጭ እንዳለ ከውስጡ አንድ ድምፅ ሰውን በስሙ ይጣራል፤ «አቤት» ያለ ቤቱ አይመለስም። ድምፁን ሊሰጥ የነበረው ተዋናይ ስለታመመ ምናሴ ራሱ፣ ቤቱ በሚያወራበት ድምፅ ተጣራና ቀዳው። ለርሆቦትም አልነገራት።

ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ ጢም አለ። ምናሴ ከኋላ ቆሞ ጆሮውን ጣለ። ሳቅ የለም፤ ጩኸትም የለም። ጉድ እኮ ነው፣ የባሕር ዳር ሰው ዝም ብሎ ፊልም ያያል እንዴ? አንድ እንኳ «ተው አትሂድ!» ብሎ ተዋናዩን የሚመክር ይጥፋ? ተኝተው ይሆን? ግራ ገባው።

አልቆ ሲወጡ በሩ ላይ «ርሆቦት!» ብሎ ተጣራ። አልዞረችም። ደገመ። ጭራሽ እርምጃዋን አፈጠነች። የአዳራሹን ባለቤት «ጋሽ አስናቀ!» ቢል እሳቸውም አንገታቸውን ቀብረው አለፉት። በቃ አለቀልኝ፣ አፍረውብኛል አለ በሆዱ፤ እንባው መጣ። ሮጦ ፊቷ ሲቆም ርሆቦት «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ? እኔ እኮ ነኝ!»

«እሱማ አወቅሁ! ከውኃው ውስጥ የሚጣራው አንተ ነህ!»

ጋሽ አስናቀ ይሄን ሲሰሙ ተመልሰው መጡ። «አንተ ጉደኛ፣ በድንጋጤ ጨረስኸን እኮ! ስድስተኛውን መቼ ትጀምራለህ? ድምፁን እንዳትቀይረው ብቻ።» ለቀጣዩ ዙር የተሰለፈው ሰው አስፋልቱን ሞልቶታል።

ምናሴ በደስታ ሰክሮ ቤት ገባ። ሳሎን ተቀምጦ «ርሆቦትዬ» አለ። ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ኳኳታ ቆመ።

«ርሆቦትዬ፣ ቤታችን ነን እኮ።»

ጭጭ።

ተነስቶ ሄደ። ሚስቱ ታለቅሳለች፤ ደግሞ ትስቃለች። «ምን ላድርግ፣ አፌ እምቢ አለኝ። እስቲ ለጊዜው ስትፈልገኝ አጨብጭብ።»

ሊስቅ ሞከረና ተወው። ተመልሶ ብዙ ተቀመጠ፤ ደስ ይበለው ይክፋው አላወቀም። በመጨረሻ ቀስ ብሎ እጁን አጨበጨበ።

«አቤት ሆዴ!» አለች ርሆቦት ወዲያው።