አምስተኛው ሕግ

የሎጂክ መምህሩን ተማሪው ሁሉ "ባለ አምስቱ" ይላቸዋል። የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት ነው እያሉ የሚያስተምሩት ራሳቸው ያረቀቋቸውን አምስት ሕጎች ነው። ሁለተኛውና አምስተኛው ለየብቻ ሲቆሙ ጨዋ ይመስላሉ፤ ሲገናኙ ግን አንዱ "አለ" ያለውን ሌላው "የለም" ይላል። ሕግ እንዲህ ከተጣረሰ የፈለጉትን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጠመኔው ነጭ ነው ቢሉም፣ ጠመኔው መምህር ነው ቢሉም ያስኬዳል። ይህን ያስተማሩትም ራሳቸው ባለ አምስቱ ናቸው።

በፈተናው ቀን ሌላው ተማሪ የሸመደደውን ሲዘረግፍ፣ እሾህ የሚሏት ልጅ ግጭቱን ቁልጭ አድርጋ አሳየችና ጥያቄዎቹን ሁሉ በዚያው ግጭት አረጋግጣ ደመደመቻቸው። ዜሮ ሰጧት። ከዜሮው ጎን በቀይ "ፌዝ" ተብሎ ተጽፏል።

ያለዚያ ኮርስ ምረቃ የለም። አቤት አለች፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ሁለቱንም ቢሯቸው አስጠሩ። ቢሮው የረጠበ ምንጣፍ ይሸታል፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ አቧራ ጠግቦ ቆሟል። እሾህ የተሳሳተውን መስመር እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ባለ አምስቱ ወረቀቱን ሳይነኩ ስለ ዘመኑ ልጅ ብልግና፣ ስለ ድካማቸው፣ ስለ ሽበታቸው አወሩ። ኃላፊው ግን አነበቡት። አምስተኛው ሕግ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መነጽሩ ሲጠራ፣ ነገር ማክረር ለማንም እንደማይበጅ፣ መምህሯን ይቅርታ ብትጠይቅ ማለፊያ እንደሚሰጣት በለሆሳስ ነገሯት። ጠዋት ነርሷ እህቷም ይህንኑ ነበር የመከረቻት፤ የኔ እናት፣ አፍሽን ዘግተሽ ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ ብላ።

ባለ አምስቱ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣጥፈው፣ ይቅር ባይ ፊታቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እሾህን ያንገሸገሻት ያ ፊት ነው። የተሳሳተ ሰው ያሳዝናል፤ ስህተቱን በሌላ ላይ አራግፎ ምሕረት ሊያድል የሚቀመጥ ግን ይቀፋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ትሰማ ነበር፤ እከኩን በዓይኗ ያየችው ዛሬ ነው።

"በእርስዎ ሕጎች ማጥፋቴ ይረጋገጣል" አለቻቸው። "አለማጥፋቴም ይረጋገጣል። ለየትኛው ነው ይቅርታ የምልዎት?"

ኃላፊው በሩን በአገጫቸው አመለከቷት።

ማታ እህቷ ስትሰማ የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

"ለአንድ ቃል?" አለች። "ለአንድ ቃል ብለሽ ዓመት አቃጠልሽ?"



በዓመቱ ከታናናሾቿ ጋር ያንኑ ኮርስ እንደ አዲስ ጀመረች። ባለ አምስቱ ሕጎቹን የያዘ ወረቀት አደሉ። አምስተኛው ላይ "ሁሉም" የሚለው ቃል "አንዳንድ" ሆኗል። ግጭቱ የለም።

"ይህችን ሕግ በቅርቡ ነው ያሻሻልኳት" አሉ ባለ አምስቱ፣ እሾህ ከተቀመጠችበት ረድፍ በስተቀር ክፍሉን ሁሉ እያዩ። "ብዙ አስቤባታለሁ።"

ከፊት የተቀመጡት አጨበጨቡ። እሾህ እስክሪብቶዋን አንስታ ሕጉን አንድ ፊደል ሳታዛንፍ ገለበጠች። ትክክል ነበራ። ትክክል ነገር እንዲህ ሲያቅለሸልሻት የመጀመሪያዋ ነው።