ሣር የተጎዘጎዘበት ጉድጓድ

ይኸነው እንጅባራ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። «ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይጽፈዋል፤ ሁልጊዜም ስለ ሌላ ሰው ነው።

ለብረት በሩ ምሰሶ ሊያቆም ከአጥሩ ውጭ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረ። በሩን የሚሠራው በያጅ ነገ ነገ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ክፍት ጉድጓድ የሠፈር መልክ ያበላሻል ብሎ የቀርቀሃ ምንጣፍ አለበሰው። ምንጣፉ ብቻውን ስላላማረው ሣር ጎዘጎዘበት።

ለፈረሰኞች በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ጋሽ አስማረ ዳማ ፈረሳቸውን እያለማመዱ በዚያ ሲያልፉ የፈረሱ የፊት እግር ምንጣፉን በስቶ ገባ። አልተሰበረም፤ ወለም ብሎት ግን ያነክሳል። ጋሽ አስማረ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰልፉ ቀርተው አያውቁም። ከሰው ለሽማግሌዎች የጠየቁትም አንድ ነገር ነው፤ «የምሰለፍበት ፈረስ ይስጠኝ።» ይኸነው ደግሞ ዓመት ሙሉ የቀለበው ፈረስ አለው። አዲስ ኮርቻ አሠርቶለት፣ ዘንድሮ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰለፍበት ነው።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ። ይኸነው ቆሞ ተናገረ።

«አባቶቼ፣ ኃላፊነት የሚመጣው አደጋው አስቀድሞ የሚታሰብ ሲሆን ነው። እዚያ ጉድጓድ ፍጡር ይገባል ብሎ ማን ያስባል? ደግሞስ ከድኜዋለሁ። ጥንቃቄ ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?»

«ከድነህማ ነው የጎዳኸኝ» አሉ ጋሽ አስማረ። «ክፍት ቢሆን ፈረሴ ዓይን አለው።»

«ጋላቢውስ ዓይን የለውም ጋሼ? ጥፋቱ ቢያንስ እኩል ነው። ፈረሱም ቢሆን ሣር አይቶ ነው የገባው፤ በገዛ ፈቃዱ።»

«ሣሩን ማን ጎዘጎዘው?»

«እሱ ሌላ ጭብጥ ነው።»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ መሳፍንት፣ «እስኪ ቦታውን እንየው» አሉ።

ይኸነው ከፊት ከፊት መራ። ጉድጓዱን ከአደጋው በኋላ ሌላ ምንጣፍ አልብሶታል፤ ሣሩንም አልረሳም። «ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊገምት…» እያለ ደጁ ሲደርስ፣ የአባ መሳፍንትን ክንድ ለቀም አድርጎ ወደ ዳር ሳባቸው።

«በዚህ በኩል አባቴ፣ እንዳይገቡ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ምንጣፉን በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ለእኔ ያሰብኸውን ለአስማረ ሳታስብ ቀረህ ልጄ?»

ይኸነው የያዘውን ክንድ ለቀቀ።

በበዓሉ ቀን ጋሽ አስማረ በይኸነው ፈረስ፣ በአዲሱ ኮርቻ ላይ ጉብ ብለው ተሰለፉ። ይኸነው ጧት፣ እስኪድን እሱ ዘንድ ለቆየው ዳማ ገብስ አቅርቦ፣ በእግሩ ወደ ሜዳው ሲሄድ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ አገኘ። ካርቶን ጣል ተደርጎበታል። ቆም አለ። ግራ ቀኙን ቃኘና፣ ማንም እንዳላየው አረጋግጦ ዞሮ አለፈ።

ከኋላው የሚመጡት ሰዎች ገና ሩቅ ነበሩ።