የክላዚና እጅ

ሌንቼ ፎቅ ላይ የተደረደሩትን ክብ ደረቅ አይቦች ስታገላብጥ አንዱ አልቀመጥ አላት። ጣውላው ላይ ባስቀመጠችው ቁጥር እግሩ እንደተሰበረ በርጩማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ገልብጣ በሌላው ፊቱ ሞከረችው፤ ያው ነው። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ሆዱ ተነፍቷል። በጣቷ አንጓ መታ አደረገችው። ደህና አይብ ሲመቱት ድምፁ አጭር ነው፤ ወፍራም ጠረጴዛ የመቱ ያህል ነው። ይሄኛው ግን እንደ ባዶ ቅል አስተጋባ።

መጀመሪያ የመጣላት «ምን አጠፋሁ?» የሚል ሐሳብ ነው። እዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባች ወዲህ፣ ምንም ነገር ቢበላሽ ቀድሞ የሚመጣላት ይኸው ነው። ሌንቼ የከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ላይደን ውስጥ ብርድ ልብስ ሸማኔ ነው። ባሏ ክራይን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በቦዮች መሀል ያለ የከብት ቤት አንድያ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ በረቱን እሱ ይዞታል። አይቡን የያዙት እናቱ ክላዚና ናቸው።

በዚያ አገር ላሙ የወንድ፣ አይቡ የሴት ነው። ወንዱ አልቦ፣ ባልዲዎቹን በትከሻው ተሸክሞ እስከ አይብ ቤቱ ደፍ ያመጣል፤ ከደፉ ግን አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው የባለሙያዋ ግዛት ነው፤ ወተቱን መቀበልም መመለስም የእሷ ፈንታ ነው። ክላዚና በደህናው ዘመን፣ ባላቸው ሰክሮ ያለበውን ወተት «አሳማዎቹም እንደ አንተ ይደሰቱ» ብለው መልሰውበታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

የሚሠሩት የላይደኑን አይብ ነው፤ ስልባቦቱ ለቅቤ ከተገፈፈለት ወተት የሚወጣ፣ ውስጡ ከሙን ያለበት፣ ቆዳው ቀይ የተቀባ፣ በላዩ የከተማዋ አርማ የሆኑት ሁለት ቁልፎች ተጠላልፈው የታተሙበት። የረጋውን ወተት ከከሙኑ ጋር የሚያዋህዱት በእግራቸው ነው። ጎረቤቶቻቸው የእጅ መፍጫ ከገዙ ቆይተዋል። እሳቸው ግን እግራቸውን እስከ ጉልበት በሙቅ አጓት ታጥበው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገንዳው ውስጥ ይገባሉ። «ብረት ምን ያውቃል? በቃው ብሎ የሚነግረኝ ተረከዜ ነው» ይላሉ።

ሌንቼ ገንዳው ውስጥ ገብታ አታውቅም። ከሙኑንም በትና አታውቅም፤ ከሙን የሚበትን እጅ በአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው። የእሷ ሥራ ማገላበጥ፣ መወልወል፣ ቆዳውን ቀይ መቀባት ነው። እዚያም ላይ ቢሆን «አንቺ የብርድ ልብስ ልጅ፣ ሱፍ አይደለም የምታሺው፣ ቀስ!» የሚል ድምፅ ከታች ይመጣል። ክላዚና ሲበትኑ ግን በሩ ጥግ ቆማ ታያቸዋለች። እጃቸው ከፍ ይላል፤ ጣቶቻቸው አይከፈቱም፣ ላላ ብቻ ይላሉ፤ ዘሩ እንደ ካፊያ ይወርዳል፣ አንድም ቦታ አይከመርም። ሌንቼ ሰው በሌለበት ሰዓት የሰናፍጭ ዘር ጨብጣ በሰፊ ትሪ ላይ ትለማመዳለች። ያንን አይብ ቤት ከምንም ነገር በላይ ትፈልገዋለች። ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም።

ያበጠውን አይብ ታቅፋ ወረደች።

«እናቴ፣ ይሄን ይዩት እስቲ።»

ክላዚና አላዩትም። መታ አድርገው አዳመጡትና ፊታቸው ጠቆረ። ቢላዋ አንስተው ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ ተሰነጣጥቆ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ዋሻ በዋሻ ሆኗል። ሽታው የቆየ ቅቤ፣ የረጠበ ካልሲ፣ ሌላም ስም ያልወጣለት ነገር አለበት።

«ማነው የነካው?» አሉ።

«እኔ ያገላበጥኩት ብቻ ነው፣ እናቴ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ቢላዋውን በጨርቅ ጠረጉት። «ራሴን ነው የጠየቅሁት።»

በዚያው ሳምንት ሌሎችም ማበጥ ጀመሩ። ክላዚና ገንዳውን በፈላ ውሃና በሶዳ ፈተጉት። ጨርቆቹን ቀቀሉ፣ ጣውላዎቹን አውጥተው በማይሞቅ ፀሐይ ላይ አሰጡ። ይሄ ሁሉ ይጥቀም አይጥቀም ግን ማወቂያ አልነበረውም። የአይብ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ዛሬ የበደሉትን ከሳምንታት በኋላ ነው የሚናገረው። አንድ ጠዋት ሌንቼ ስትገባ ክላዚና እግራቸውን ታጥበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ገንዳው አልገቡም። ውስጥ እግራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ያያሉ።

«ወተት ያረጀ እግር ያውቃል መሰለሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ኧረ እናቴ፣ ምን ማለትዎ ነው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ የሚያስደነግጥ አልነበረም።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ድንቹ ገና ገበታው ላይ እየጨሰ ሳለ ተናገሩት።

«ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። እሱ ከሄደ በኋላ፣ ከሰኞ ጀምሮ፣ ከሙኑን ሌንቼ ትበትናለች። እጄ ከድቶኛል።»

የክራይን ሹካ አየር ላይ ቀረ። «እማዬ… እንግዲህ ይረፉ። መቼም ብዙ ደክመዋል።»

«አልጠየቅሁህም። ብላ።»

ሌንቼ ደስታዋ ሲመጣ ተሰማት። እንደ ሌባ በጓሮ በር ነው የገባው። ዓይኗን ከሳህኗ ላይ ሳታነሳ ድንቿን በሹካ ጨፈለቀችው፣ ደግማም ጨፈለቀችው።

ማክሰኞ ዕለት ክራይንን ለምሳ ልትጠራ ወደ በረት ሄደች። ከላሞቹ ዘንድ የለም። ዞራ በቦዩ በኩል ስትወጣ፣ ጠፍጣፋዋ ጀልባ ዳር ተጠግታለች። ክራይን ሸራ ገልጦ በመንሽ ጥቁር ቡናማ እርጥብ ነገር ወደ ጋሪ ይዝቃል። ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደረሰባት። ያን ለሁለት የተከፈለውን አይብ መሰላት።

«ይሄ ምንድነው?»

ደንግጦ ዞረ። «ሣር።»

«ሣር እንዲህ አይሸትም።»

«የጎረቤታችን የባስ ሣር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ያኮመጠጠው።» መንሹን ተደገፈ። «ድርቆሹ ባለፈው ዓመት በዝናብ ሲበሰብስ አብረሽን ነበርሽ። የገና በዓል ከማለፉ ጎተራው ባዶ ሆነ።»

«እናትህ ያውቃሉ?»

«እንዲህ ከጮኽሽ ያውቃሉ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባስ እኮ ይሄን ለላሞቹ የሚያበላው ወተቱን ለከተማ ስለሚሸጥ ነው። አይብ አይሠራም።»

«አሁን ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ? አባቴ ‘የጉድጓድ ሣር የቀመሰች ላም ለአይብ ሞታለች’ ይል ነበር። አውቀዋለሁ። ታዲያ ምን ላብላቸው? መዝሙረ ዳዊት?»

«ክራይን፣ የእጃቸው ጥፋት መስሏቸዋል። እግራቸውን ሲያዩ ነው የሚውሉት።»

ባሏ መንሹን አስቀምጦ ቀረብ አላት፤ ድምፁም ለሰለሰ። «ስሚኝማ። አርጅተዋል። ዛሬም ባይሆን ነገ መተዋቸው አይቀርም። አንቺ ደግሞ በሰናፍጭ ስትለማመጂ ያላየሁሽ መሰለሽ? ሣሩ ሲበቅል ላሞቹ መስክ ይወጣሉ፣ አይቡ ይድናል፤ ሰው ሁሉ ‘ሌንቼ እጅ አላት’ ይላል። ማን ተጎዳ?»

ማን እንደተጎዳ ሌንቼ ታውቃለች። መልሱ እቤት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግን «ምሳ ቀርቧል» አለችና ተመለሰች።

ሐሙስ ነጋዴው ፋን ዳም በብስክሌት መጣ። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።

«እሜቴ! አሁንም እኔን ጥለው ሌላ አላገቡም?»

«አንተን አይቼ ወንድ ጠላሁ። ና ውጣ፣ ሥራህን ሥራ።»

ከታችኛው መደርደሪያ ጀምሮ እየመታ፣ እያዳመጠ፣ እየሳቀ መጣ። ያበጡት ያሉበት የላይኛው መደርደሪያ ጋ ሲደርስ ክላዚና እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱ አይሸጥም።»

«ለማን ሊያደልቡት ነው? ለፓስተሩ?»

«ለአሳማዎቹ። እጄ አብቅቷል፣ ፋን ዳም። ከሰኞ ጀምሮ ምራቴ ናት የምትሠራው። ለሰውም እንደዚያው ብለህ ንገር፤ ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ይሻላል።»

የነጋዴው ሳቅ ቆመ። ከኪሱ የአይብ መፈተሻውን ጎድጓዳ ቀጭን ብረት አውጥቶ ካበጡት አንዱ ውስጥ ሰካው፣ አዞረው፣ ሳበው። አሸተተ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አሸተተ።

«እሜቴ» አለ በቀስታ፣ «ላሞቹ ምን በሉ?»

«ድርቆሽ ነዋ። ምን ሊበሉ ኖሯል?»

«እንዲያው ነው። ይሄ የእጅ ሽታ አይመስለኝም።»

ክላዚና ቀጥ ብለው ቆሙ። «ልጄ የአባቱ ልጅ ነው። በእሱ ላይ ቃል እንዳትወረውር። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩህ፤ አበቃ።»

ክራይን ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ ሌንቼን አያት። ከአማቷ ክንድ ሥር ናት፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካቸዋለች። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ተከትሎትም አይብ ቤቱ፣ ገንዳው፣ እንደ ካፊያ የሚወርደው ከሙን መጣ። ዓይኗን አንዱ አይብ ላይ በታተሙት ቁልፎች ላይ ተክላ ምላሷን ዋጠች። ፋን ዳም ኮፍያውን አነሳ። የታችኞቹን ለመግዛት፣ እንደ ገበያው ልማድ ዋጋ እየጠሩ ከክላዚና ጋር እጅ ለእጅ ሲማቱ እንኳ አልቀለደም።

ሰኞ ጠዋት ክላዚና ሽርጡንና የከሙኑን ከረጢት ሰጧትና ሄደው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። የእንጨት ጫማቸውን አላወለቁም። እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ ሰው አደራ አስቀምጦባቸው የሄደ ዕቃ ይመስላሉ።

ክራይን ባልዲዎቹን ደፉ ላይ አስቀመጠ። ሌንቼ ጎንበስ ብላ አየች። ወተቱ ነጭ ነው፣ አረፋው ገና አልሞተም። የሚታይበት ነገር የለም። ከዚህ የሚወጣው አይብ ይጫናል፣ ጨው ውሃ ይገባል፣ ቀይ ይቀባል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሆዱ ይነፋል፤ ያኔ እሷም እጇን እንደዚያ ጭኗ ላይ አጋድማ ትቀመጣለች። ለራሷ ፈርታ ይሁን ለክላዚና አዝና፣ ኋላም ቢሆን ለይታ አላወቀችውም።

«መልሰው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልቀበለውም። ለአሳማዎቹ ስጠው።»

ክራይን ሊስቅ ሞከረ። «ገና ዛሬ ተሹመሽ—»

«ዛሬም፣ ነገም። ላሞቹ መስክ እስኪወጡ ድረስ።»

ከግድግዳው ሥር በርጩማው ተንቋቋ። ክላዚና ተነስተው መጡና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ክራይን፣ ምን አበላሃቸው?»

የክራይን ጫማ ድንጋዩን ፋቀ። «እማዬ፣ ድርቆሹ አልቆ ነው…»

«ምን አበላሃቸው ነው የምልህ።»

«የባስን ሣር። ከገና ወዲህ።»

ክላዚና አልጮኹም። እጆቻቸውን ወደ ላይ ገልብጠው አዩ፤ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን። ሌንቼ ደስታ ጠብቃ ነበር፤ ቢያንስ እፎይታ። ፊታቸው ላይ ያየችው ግን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ጥሞና ነው። ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ? መቼ አወቅሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ማክሰኞ።»

«ፋን ዳም የመጣው ሐሙስ ነው።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«አጠገቤ ቆመሽ ነበር። እጄ አብቅቷል ስለው እየሰማሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እሱ ልጄ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ሲፈራ ይደብቃል፤ አውቀዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ ይቅር እለዋለሁ። አንቺ ግን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሌንቼ ከረጢቱን መለሰችላቸው፤ ሽርጡንም ፈትታ ሰጠቻቸው።

«ሣር እስኪግጡ ድረስ እዚህ ቤት አይብ አይሠራም» አሉ። «ከዚያ በኋላ እኔ እበትናለሁ። አንቺ ታገላብጫለሽ።»

«እስከ መቼ፣ እናቴ?»

«እሱን አላውቅም።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ከልባቸው የማያውቁ ይመስላሉ። «በይ አሁን አግዢው። ብቻውን ያፈሰዋል።»

አንዱን ባልዲ ክራይን፣ ሌላውን ሌንቼ ይዘው ግቢውን ተሻገሩ። የአሳማዎቹ መመገቢያ ገንዳ ጋ ደረሱ።

«አሁን ምን አተረፍሽ?» አላት ክራይን፣ ባልዲውን እያዘነበለ።

ሌንቼ የራሷን ባልዲ ገለበጠች። አሳማዎቹ እየተጋፉ እስከ ጆሯቸው ተነከሩበት። ጥሩ ወተት ነበር፤ ለሚጠጣው ሰው ምንም አልጎደለውም።