ያልፈነዳው ቧንቧ

ዶማው ድንጋይ ሲነካ ቧንቧ ሠሪው ቀና ብሎ ወገቡን ያዘ። ጉድጓዱ ደረቱ ድረስ ደርሷል። አጠገቡ ጡረታ የወጡት አስተማሪ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው አፈሩን በአካፋ ወደ ላይ ይወረውራሉ። በየመሀሉ ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ እንጂ ሥራውን አይተዉም።

"ጋሼ፣ ይበቃዎታል። ውጡና ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ" አላቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ኖሬ ገና ዛሬ ሥራ ማግኘቴ ነው። አታባርረኝ።"

ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠችው ልብስ አጣቢ ሳቀች። "ደሞዝዎን በጀሪካን እንከፍልዎታለን። ውሃው ከመጣ ማለቴ ነው።"

"ከመጣ ትላለች እንዴ! ይሄ ልጅ እጁን ከነከረበት ይመጣል።"

ቧንቧ ሠሪው ዶማውን አነሣ። በዚህ ሰፈር ቧንቧ ሲፈነዳ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰው ብቻውን አይቆፍርም። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለው እጁን ይዞ ይመጣል። ዛሬም ማንም ሳይጠራቸው ወጡ። "ተዉት፣ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ" ቢላቸው ይሉኝታ ይዞት ነው አሉና ጭራሽ በዙበት። ሌሎቹ ለምሳ ሲበተኑ አስተማሪውና ልብስ አጣቢዋ ቀሩ።

የፈነዳ ቧንቧ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ኮረብታው ላይ ካለው የፓምፕ ቤት አጠገብ ዋናውን ቫልቭ የዘጋው ራሱ ነው። መስመሩ ከዚያ ሲወርድ መጀመሪያ ወደ ወታደሮቹ ካምፕ ይገባል፤ ሰፈሩ የሚያገኘው ከካምፑ የተረፈውን ነው። ታላቅ ወንድሙ ከጫካ ወርዶ "ካምፑን አስጠማልን" ሲለው ብዙ አላሰበም። ካምፑ አባታቸውን ለጥያቄ ብሎ ወስዶ በሳንቃ ላይ የመለሰ ካምፕ ነው። አቤት ያሉበት ደጅ ሁሉ ተዘግቶባቸዋል። ወንድሙ መሣሪያ ያነሣው ከዚያ በኋላ ነበር፤ ቧንቧ ሠሪውም በልቡ አብሮት ሸፍቷል። ቫልቩን ሲዘጋ ቅር አላለውም። እንዲያውም አባቱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ጠግቦ የተኛው በዚያን ቀን ነው።

ወታደሮቹ ግን አልተጠሙም። ጠዋት ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ ሴቶቹን ያስወጣሉ። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው መጀመሪያ የካምፑን ጀሪካን ሞልተው ዳገቱን ይወጣሉ። ለልጆቻቸው የሚቀዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ጉልበት ከተረፋቸው።

አስተማሪው እፍኝ አፈር አንሥተው በጣቶቻቸው መሀል አሹት። "እንዴ፣ ይሄ እኮ አቧራ ነው። ቧንቧ የፈነዳበት መሬት እንዲህ ይደርቃል?"

"ወደ ታች ሰርጎ ይሆናል፣ ጋሼ።"

"ይሁን እንግዲህ። አንተ ታውቃለህ።"

አስተማሪው አካፋቸውን እንደገና አነሡ። ቢጠራጠሩት፣ ቢቆጡት እንኳ ይሻለው ነበር።

"ና ይቺን ቅመስ" አለች ልብስ አጣቢዋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ እየዘረጋችለት። "ለራሴ ይዤው ነበር። ውሃ ከሌለ ሥራ የለኝም፤ ሥራ የሌለው ደግሞ አይርበውም።"

ለመስጠት ጎንበስ ስትል የቀሚሷ አንገት ሸርተት አለ። ትከሻዋ ላይ ገመድ ያወጣው ሰንበር ታየው።

"ያምሻል፣ እትዬ?"

"ይሄስ ይድናል። የሚያመኝ ከኋላችን እየተከተሉ ሲስቁ ነው።" ቀሚሷን አስተካከለች። "ነገም በማለዳ ውጡ ብለውናል። እናትህንም ጭምር። 'አሮጊት ናቸው' ብላቸው 'ታዲያ ትንሹን ጀሪካን ይያዙ' አሉኝ። አየህ፣ ለሽማግሌ ያስባሉ።"

ዳቦውን አንዴ ቆርሶ ጎረሰ። የቀረውን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለና ከጉድጓዱ ወጣ።

"ላይ ወጥቼ ግፊቱን ልይ" አለ።

የፓምፕ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወንድሙ የሠራተኛ ቱታ ለብሶ ከፓምፑ ጀርባ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቶበታል።

"ምነው ቆየህ?"

"ጉድጓድ ስቆፍር።"

"የምን ጉድጓድ?"

"የውሸት። ሰፈሩ እያገዘኝ ነው።"

ወንድሙ ፈገግ አለ። "ደግ ነው። አምነውሃል ማለት ነው።"

"አዎ፣ አምነውኛል።"

ወንድሙ ፈገግታውን ሰበሰበ። "በል ስማኝ። ነገ ያልቃል። የኛ ልጆች ዛሬ ወንዙ ዳር ሸንበቆው ውስጥ ይገባሉ። ወታደሮቹ ጠዋት በጠባቧ መንገድ ሲወርዱ እዚያው እንይዛቸዋለን። ከዚያ በኋላ ካምፑ አቅም አይኖረውም።"

"ሴቶቹ አብረዋቸው ነው የሚወርዱት።"

"አውቃለሁ።"

"ፊት ፊት ነው የሚያስኬዷቸው፣ ወንድም ጋሼ።"

"ልጆቹ ተኩስ ይችላሉ። ይለያሉ።"

"በዚያች መንገድ ላይ? ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም እኮ።"

ወንድሙ የቱታውን ቁልፍ አሻሸ። "እማዬን ነገ ቤት አስቀራት። አሟታል በል" አለ።

"ሌሎቹንስ?"

"ለሌሎቹ ከነገርክ ወሬው ካምፕ ይደርሳል። ሴቶቹ ካልወረዱ ደግሞ ወታደሮቹም አይወርዱም።"

"ልብስ አጣቢዋን ምን አሟት ልበል? አሁን ዳቦዋን ሰጥታኝ ነው የመጣሁት።"

"ተው እንግዲህ!" ወንድሙ ተነሣ፤ ድምፁን ግን ወዲያው ዝቅ አደረገ። "አባባ በሳንቃ ሲመጣ እዚያው ነበርክ። ጣቶቹን ያጠብክለት አንተ ነህ። ያልለመንነው ሰው፣ ያላንኳኳነው በር አለ? መሣሪያ ያነሣነው ጥጋብ ይዞን ነው?"

"አይደለም። ያን ጊዜ ልክ ነበርክ። አሁንም እነሱን መውጋትህ ልክ ነው።"

"ታዲያ?"

"እኔ የዘጋሁት እነሱን ለማስጠማት ነው። የተጠሙት ግን ሌሎች ናቸው። ጠመንጃ የያዘ ሰው እንደማይጠማ ማወቅ ነበረብኝ፤ ውሃ ሥራዬ ነው።"

"ጦርነት እንዲህ ነው። በማንኪያ እየለካህ አትዋጋም።"

"እማዬን ግን ለካሃት።"

ወንድሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከታች የአካፋው ድምፅ ይሰማል። አስተማሪው አሁንም አልወጡም።

"እሺ፣ ክፈተው" አለ ወንድሙ ሳይዞር። "ወታደሮቹ ወንዝ አይወርዱም፤ ልጆቻችን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዚያ እነዚሁ ወታደሮች የሌላ ሰው አባት ይወስዳሉ። ያንንስ ትችለዋለህ?"

ቧንቧ ሠሪውን የአባቱ ጣቶች ትዝ አሉት። ካምፑ ገና ስንት ሰው እንደሚወስድ ማን ያውቃል።

"አልችለውም" አለ። "ያኛውንም አልችለውም።"

"የኛ ሰዎች ማን ከፈተው ሲሉኝ ምን ልመልስ?"

"የዘጋው ሰው በላቸው።"

ወንድሙ ወደ ጓሮው በር ሄደና እጀታውን ይዞ ቆመ። "እኔ እጄን አላነሣብህም። የነሱን እጅ ግን አልይዝልህም።" በሩን ገፋ አደረገ። "እማዬን ሳምልኝ" ብሎ ወጣ።

ቧንቧ ሠሪው ረጅሙን የብረት ቁልፍ ከጥግ አንሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ቫልቩ ከበሩ አጠገብ በብረት ክዳን የተሸፈነ የሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳኑን አንሥቶ ተንበረከከ። ቁልፉን ቫልቩ ራስ ላይ ገጠመ። አባቱን የወሰዱት ሰዎች ቀድመው ይጠጣሉ። እነሱን አልፎ ሰፈር የሚደርስ ሌላ መስመር ይኖር እንደሆነ፣ እንደሌለ እያወቀ፣ ከምንጩ ጀምሮ እያንዳንዱን መታጠፊያ በልቡ ተከተለ። ቧንቧውን የዘረጋው ሰው ለካምፑ ነበር የዘረጋው።

ቁልፉን አዞረው። ቫልቩ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቀጥሎ እየጮኸ ለቀቀ። መሬቱ ውስጥ አየር ሲገፋ ተሰማው። ውሃው ተከትሎ ሲወርድ እጁ ላይ ያለው ብረት ነዘረው።

ጥቂት ቆይቶ ከካምፑ ፉጨት ተነሣ። አንዱ ቆርቆሮ እየመታ ሌሎቹን ይጠራል። ሳቃቸው እስከ ኮረብታው ደረሰ። ቫልቩ ገና በግማሽ ነው የተከፈተው። በዚህ ግፊት ውሃው ካምፑ ውስጥ ያልቃል እንጂ ወደ ሰፈር አይወርድም። ይህን ሲያስብ እጁ ወደ ኋላ ሊመልሰው ብረቱን አጥብቆ ያዘ። ታች አስተማሪው ከጉድጓዱ ወጥተው፣ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው፣ ወደ ኮረብታው ይመለከታሉ። ልብስ አጣቢዋ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው የሰፈሩ ቧንቧ አፍ ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች።

ከካምፑ ሌላ ሳቅ መጣ። ቧንቧ ሠሪው ጥርሱን ነክሶ ቫልቩን እስከ መጨረሻው፣ አልዞር እስኪለው ድረስ ከፈተው። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ክዳኑን ገጠመ፤ የብረቱን ዝገት በሱሪው ጠርጎ ቁልፉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።