ካርታው ወንዝ ያለው አሸዋ

ዓምራን ቡራሌ ካርታ ፊት ስትቀመጥ ትፈዛለች። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያውቅባታል፤ ስሟን ደጋግመው ካልጠሯት አትሰማም። ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ባለ አንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ተተክላ ባጃጆቹና ሞተሮቹ የት እንደደረሱ ትከታተላለች። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ አንዲት ቀይ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ በሐርጌሳ ጎዳናዎች ላይ ቀስ እያሉ ሲሳቡ፣ እሷም ከወንበሯ ተነሥታ በጣሪያዎቹ ላይ የምትንሳፈፍ ይመስላታል።

ካርታው ራሱ የህልም ነገር ነው፣ እውነቴን ነው። አንድ ትልቅ ሥዕል እንዳይመስላችሁ። ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ከሩቅ እየጠራ አጠገብ ላጠገብ ያነጥፋቸዋል። ኢንተርኔቱ ሲደክም ግማሹ ከተማ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ቆይቶ መስጊዱ፣ ገበያው፣ የሰው ግቢ ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላል። ሲያርቁት ቀጫጭን መንገዶች ይጠፋሉ፣ ሲያቀርቡት ይመለሳሉ። ተሽከርካሪው ላይ ያለው መከታተያ መሣሪያ ከሳተላይት የሚያገኘው ግን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ከሥር የሚያነጥፈው፣ ነጥቧም የት ላይ እንደምትቀመጥ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

ከነጥቦቹ አንዷ ባጃጅ አልነበረችም፤ አባቷ ነበሩ። ጋሽ ቡራሌ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርተው፣ ልጃቸውን እዚያው አሳድገው፣ በስተርጅና ሐርጌሳ የገቡ ሰው ናቸው። ከጊዜ ወዲህ ማስታወስ ከድቷቸዋል። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በኋላም ከተማው ራሱ ጠፋባቸው፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤታቸው እየወጡ ድሬዳዋን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዓምራን የክብሪት ቀፎ የምታህል መከታተያ በክር አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው። ክታብ መስላቸው ሳሟት። ዓምራን አላረመቻቸውም።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወለተማርያም ደወለች። ቤት ውስጥ የምትሠራው የወሎ ልጅ ናት፤ ጋሽ ቡራሌን እንደ አባቷ ነው የምታያቸው።

«ዓምራንዬ፣ ጋሼ የሉም! ልብስ ላሰጣ ጓሮ ገብቼ ስመለስ በሩ ወለል ብሏል። ወይኔ ጉዴ!»

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ። እዚህ ይታዩኛል።»

ይታዩዋት ነበር። ነጥባቸው ከተማውን ለሁለት በሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ዳር፣ አስፋልቱ ላይ ነበረች። ዓምራን በመስኮት ብቅ ብላ አየች፤ ከከተማው በላይ በወንዙ መምጫ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ ሲዘንብ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ እንደሚመጣ ሐርጌሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። «አልሐምዱሊላህ፣ መንገድ ላይ ናቸው» አለችና በዚያ አቅራቢያ ለነበረው ባጃጅ ነጂ ለይሄይስ ደወለች። ይሄይስ ጎንደሬ ነው፣ ነገረኛ ቢሆንም ሲላክ እሺ ባይ ነው፤ ወዲያው ደረሰ።

«ነጥቧ ያለችበት ቆሜያለሁ» አላት። «ከአንዲት ፍየል በቀር ማንም የለም።»

«ፊት ለፊትህ ናቸው እኮ!»

«እህቴ፣ ፊት ለፊቴ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ልጠይቀው?»

ዓምራን አፈጠጠች። ነጥቧ ቀስ እያለች መጥታ ከይሄይስ ነጥብ ጋር ተነካካች፤ ከዚያ አልፋው ሄደች። «አሁን ባጠገብህ አለፉ!» ብላ ጮኸች። «ማንም አላለፈም» አለ ይሄይስ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። አባቷ አየር ሆነው በሰው ፊት እየሄዱ ነው። ስክሪኑ ላይ ጸጥ ያለ ከተማ፣ ጸጥ ያለ መንገድ፣ ቀስ ያለች ቀይ ነጥብ። ቃዠሁ እንዴ ብላ ዓይኗን አሸች።

ከዚያ ትዝ አላት። ለካ ጉዱ የራሷ ነው! ነጥቦቹ በፊት ጣሪያ ላይ እየወጡ፣ ግድግዳ እየበሱ ሲያስቸግሯት፣ እያንዳንዷን ነጥብ በቅርብ ወዳለው መንገድ «ሳብ» ብላ ፕሮግራሙን አዝዛው ነበር። ካርታዋ ንጹሕ ሆነ፤ አለቆቿም አመሰገኗት። ወንዙን ደግሞ ካርታው ሰማያዊ ቀብቶታል። ውሃ ነው፣ ሰው አይሄድበትም ማለቱ ነው። ይህን ያለው ሐርጌሳን ያላየ ነው! ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ መኪና ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዓምራንም ጠዋት ጠዋት በእግሯ ተሻግራው ነው ሥራ የምትገባው። ስክሪኑ ፊት ስትቀመጥ ግን ሰማያዊውን አመነች።

ትእዛዙን አጠፋችው። ነጥቧ ተንቀጠቀጠች፣ ከአስፋልቱ ወረደችና ሰማያዊው መካከል ገብታ ቆመች። ዓምራን ስልኩ ላይ ጮኸች።

«ይሄይስ! ወንዙ ውስጥ ናቸው! ውረድ!»

እሷም ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታጠልቅ በረረች። ከዳሩ ሰዉ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ይጮኻል፤ ፍየል የሚነዱ ሴቶች ወደ ላይ እየሮጡ ነው። ጋሽ ቡራሌ አሸዋው መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይሄይስ ክንዱን እያሸ አጠገባቸው ቆሟል።

«ልያዛቸው ስል በከዘራ ደቆሱኝ» አለ። «አልነሣም ብለዋል።»

ዓምራን እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አባዬ፣ ተነሥ! ውሃ እየመጣ ነው!»

«መምጣቱን መች አጣሁት?» አሉ በእርጋታ። «ለዚሁ አይደል የመጣሁት? ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የደቻቱን ወንዝ አቋርጣ ነው። ብቻዋን ካገኛት ይወስዳታል።»

«ይሄ ደቻቱ አይደለም፣ ድሬዳዋ አይደለንም። እኔ ነኝ ልጅህ! ዓምራን ነኝ!»

ጋሽ ቡራሌ በትሕትና ፈገግ አሉላት፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው። «ዓምራን ትንሽ ናት፤ ይህን ታክላለች» ብለው ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው አሳዩአት። «አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ፣ አላህ ይባርክሽ። ሂጂ፣ ለራስሽ አስቢ።»

ዓምራን እያለቀሰች ጎተተቻቸው። ድንጋዩን ሙጭጭ አሉ። ቀዝቃዛ ነፋስ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ መጣ፤ ከኋላው ጉርምርምታ ተሰማ፣ የጭነት መኪና ከሩቅ ሲመጣ ዓይነት። እሷ ዓምራን ነኝ ባለች ቁጥር እሳቸው ያችን ትንሿን ልጅ መጠበቃቸው ነው፤ አይነሡም። ይህ ገባት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣችና ራቅ ብላ ቆመች።

«አባባ» አለች፣ እንደ መንገደኛ። «ልጅዎን አይቻታለሁ። ደብተሮቿን አቅፋ በላይ በኩል በድልድዩ ተሻገረች። አሁን ቤት ገብታለች።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «በድልድዩ?»

«በድልድዩ።»

«አልረጠበችም?»

«ምንም አልነካት።»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ በሰላም ተሻግራለች።»

ጋሽ ቡራሌ ተነሡ። ይሄይስ በአንድ ጎን፣ ዓምራን በሌላው ደግፈው፣ ገደሉን እየቧጠጡ አወጧቸው። ዳሩ ላይ ወጥተው ትንፋሻቸው ሳይሰበሰብ ጎርፉ ደረሰ፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቅርንጫፍና ጀሪካን እያንከባለለ መጥቶ አሸዋውንም ድንጋዩንም ሸፈነ። ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ «ያ አላህ!» አለ።

ዓምራን ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ቡራሌ አዩአትና አዘኑላት፤ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ፎጣ አውልቀው አለበሷት፣ ቀዝቃዛ እጇንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺስ ልጄ፣ አባትሽ ያለሽበትን ያውቃል?»

ዓምራን በያዙት እጃቸው ላይ ሌላ እጇን ደረበች።

«ያውቃል፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሂጂ፣ አታስጠብቂው» አሏት፤ እጇን ግን አልለቀቁም።