የዱዋል ፉጨት

የሞተ ሰው ያፏጫል ቢሏት ኛሙዎን በሳቀች ነበር። የሰው ወሬ እንደ ባሮ ዳር ትንኝ ነው፤ በእጅ አባረውት ያልፋሉ። ይህን ፉጨት ግን በገዛ ጆሮዋ ሰማችው። የወለደ ጆሮ ደግሞ አይሳሳትም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። ኛሙዎን በጋምቤላ ከተማ፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ በነበረ የእርዳታ እህል ቢሮ ጠራጊ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። አፏ ግን ለማንም ፊደል ቆጣሪ አይተኛም። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ተሰማ እንኳ እሷ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ እግሩን ሳይታዘዝ ያነሳ ነበር።

የበኩር ልጇ ዱዋል የዚያ ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ኢታንግ የስደተኞች ሰፈር የሚወስደው መንገድ በውሃ ሲቆረጥ፣ ስደተኞቹ እህል እንዳይቀርባቸው ብሎ፣ የማደያውን ዝርዝር እዚያ ባለው ኮምፒውተር ሊያትም የቢሮውን ማተሚያ በጀልባ ጭኖ ሄደ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ባሮ ዱዋልንም ማተሚያውንም ወሰደ፤ አንዳቸውንም አልመለሰም። መቃብር የለው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

በኑዌር ወግ እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ሜዳ ላይ አይጣልም። ወንድሙ በሟቹ ስም ሚስት ያገባለታል፤ የሚወለደውም የሟቹ ልጅ ይባላል። ይህ ካልተደረገለት ሟቹ አያርፍም። ደጅ ለደጅ ይዞራል፤ ከብቱንም ሰውንም ያሳምማል። የዱዋል ታናሽ ሪክ ግን ወንጌል ተቀብሏል። የቢሮውን የመብራት ሞተር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ኛኩዎል የምትባል ልጅም አጭቷል።

«ሙታን በጌታ እጅ ናቸው፤» ይላታል እናቱን። «እኔ ሚስቴን በስሜ፣ በቤተ ክርስቲያን ነው የማገባ።»

«ወንድምህ በባሮ እጅ ነው፤» ትለዋለች። «ጌታ ከባሮ ሲቀበለው አይተሃል?»

እንዲህ ሲነታረኩ ከረሙ።

ዱዋል ይሠራበት የነበረው ኮምፒውተር በጋምቤላ ወበቅና እርጥበት ሆዱ ዝጎ ሞተ። ከአዲስ አበባ የመጣ በሪሁን የሚባል መነጽራም ባለሙያ ነፍሱን፣ ማለት ፕሮግራሙንና መዝገቡን፣ አወጣና በአዲስ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ አኖረው።

«ትልቁ ተሸካሚ ነው፣ እማማ ኛሙዎን፤» አላት ያን ጊዜ፣ እሷ ከእግሩ ሥር ስትጠርግ። «የድሮው ውስጡ ይኖራል። ሌሎችም ሁለት ማሽኖች አብረውት አሉ። አንዱ አንዱን አያውቅም። እያንዳንዱ የራሱ አካል ያለው ይመስለዋል።»

«የድሮው መሞቱን አያውቅም?»

«አያውቅም።»

በሪሁን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከወራት በኋላ በሪሁን ተሸካሚውን ሊያድስ ተመልሶ መጣ። አዲስ ፕሮግራም ጫነበት። ተሸካሚው ውስጥ ከገባ ወዲህ የዱዋል ማሽን ማታ ተኝቶ ጧት ካቆመበት ይነቃ ነበር እንጂ እንደ አዲስ ተነስቶ አያውቅም። አሁን ከመጀመሪያው መነሳት ግድ ሆነበት። ሲነሳ አፏጨ።

ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ዱዋል በልጅነቱ ግንባረ ነጩን በሬውን ከመስክ የሚጠራበት ፉጨት። ከዚያ ዝም። የማሽኑ መስታወት ላይ ምንም አይታይ፣ ቁልፍ ቢነኩት አይሰማ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያፏጫል፤ እንደገና ዝም። ተሸካሚውንም አብሮ ያስረዋል።

ጸሐፊዎቹ ወደዚያ ክፍል መግባት ተዉ። ኛሙዎን ብቻ ገብታ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። መጥረጊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ስትሰማ ዋለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጓድ ተሰማ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ ግን አልዘለቀም።

«ጓድ በሪሁን፣ መኪኖቹ እህል ጭነው የማደያ ወረቀት አጥተው ቆመዋል። ኢታንግ ሰው ይጠብቃል። እስከ ምሳ ካልተነሳ አጥፋው!»

«ካጠፋው የት ይሄዳል?» አለች ኛሙዎን ከመሬት።

«ማን?»

«ልጄ።»

«በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ባዕድ አምልኮ!» ብሎ ጮኸ ተሰማ።

«መንግሥትህ የማይፈራ ከሆነ ግባና ንካው።»

ተሰማ ሰዓቱን አየና ሄደ።

በሪሁን ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የተሸካሚውን ሆድ ከፈተ፤ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፤ ገመዶቹን ነቅሎ ሰካ። ያው ነው። ከዚያ የዱዋልን ለይቶ ሌሎቹን ሁለቱን ብቻ አስነሳ። ያለ ችግር ተነሱ። የዱዋልን ሲጨምር ሁሉም ተያዙ። ጥፋቱ ከተሸካሚው እንዳልሆነ ገባውና የዱዋል ማሽን ሲነሳ የሚያደርገውን አንድ በአንድ ይከተለው ጀመር።

«አገኘሁት፤» አለ በመጨረሻ። «ፉጨቱን ራሱ ዱዋል ነው ያስገባው። ማሽኑ ሲነሳ ያፏጫል፤ ቀጥሎ ማተሚያውን ይጠራል። 'አለሁ' እስኪለው ድረስ ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ እንደገና ያፏጫል፤ እንደገና ይጠራል።»

«ማተሚያው የታለ?»

በሪሁን መልሱን ያወቀው አፉን ከከፈተ በኋላ ነው። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ ያዝ አደረገ።

«ባሮ ውስጥ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ልጅ የሞተባት እናትና ይህ ማሽንም እንደዚያው ሆነው ተገኙ፤ አንዱን ሰው፣ አንዱን ዕቃ፣ ከአንድ ወንዝ ይጠብቃሉ።

«ሳያጠፉት የሚያስነሳው ነገር የለም?» አለች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ።

«አለ። ለተሸካሚው እነግረዋለሁ። የዱዋል ማሽን ያንን ማተሚያ ሲጠራ፣ ይኸ ግድግዳው ሥር ያለው አዲሱ ማተሚያ በእሱ ቦታ ቆሞ 'አለሁ' ይለዋል።»

«በሟቹ ስም?»

«በሟቹ ስም። የድሮው ልዩነቱን አያውቅም።»

ኛሙዎን ተነሳች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንደዚያ አትነሳም። በጓሮ በኩል ወደ ሞተሩ ቤት ሄዳ ሪክን በዘይት በተለወሰ እጅጌው ያዘችው።

«ና።»

«እናቴ፣ በሪሁን ሞተሩን አጥፍተህ አስነሳ ብሎኛል።»

«አስነሳና ና።»

ሪክ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ስለሚውል ፉጨቱን ሰምቶት አያውቅም። የሴቶች ወሬ ነው ይል ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ተከትሏት ገባ። አምፖሉ ፈዘዝ ብሎ በራ። ተሸካሚው አጓራ። ከሆዱ ውስጥ ፉጨቱ መጣ።

ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

የሪክ ፊት አመድ መሰለ። ልጆች ሳሉ ታላቁ ከወንዙ ማዶ በሬውን ሲጠራ ያፏጭ ነበር፤ ታናሹ ከወዲህ ይመልስ ነበር። ከንፈሩ ሳያዘው ሾለና መለሰ፤ አንድ ረጅም።

ማተሚያው ነቃ። እየተንጫጫ ወረቀቱን ይጎትት ጀመር። በሪሁን ቁልፉ ላይ እንደጎነበሰ ቀረ፤ ማሽኑ የሰማው የእሱን ትእዛዝ ይሁን የሪክን ፉጨት ለማንም አልተናገረም።

«አየህ?» አለች ኛሙዎን በገዛ ቋንቋቸው። «ብረት ለብረት ስም ቆመለት። አንተ የዱዋል የእናቱ ልጅ፣ ከብረት ታንሳለህ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ምን ይለኛል?»

«መጋቢው ለበሬ አፏጭቶ ያውቃል?»

ሪክ ወረቀቱ እየታጠፈ ወለሉ ላይ ሲወርድ አየ።

«ኛኩዎልን በስሜ አገባታለሁ፤» አለ። «የመጀመሪያው ልጅ ግን የዱዋል ልጅ ይባላል። የኔ አይባልም።»

«እሷስ?»

«እሷማ ከኔ በፊት ይሁን ብላለች። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ።»

«ከአንተ የተሻለች ናት፤» አለች እናቱ። አጎንብሳም የወለሉን ወረቀት መሰብሰብ ጀመረች።

መኪኖቹ ከምሳ በፊት ወጡ። ጓድ ተሰማም ባዕድ አምልኮውን ረሳው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጧት ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ያፏጫል፤ 'አለሁ' ሲባል ዝም ይላል። ኛሙዎን መጥረጊያዋን አቁማ ሁለተኛውን ትጠብቃለች። አይመጣም። ተመስገን ትላለች፤ ደረቷ ግን ጭር ይልባታል።

እሑድ ቢሮው ዝግ ነው፤ ሞተር አይነሳም። ሪክ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እናቱ ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኛትና ቅርጫቱን ሊሸከምላት ጎንበስ አለ። ውሃው ሞልቶ ደፍርሷል። ከማዶ፣ ከሸምበቆው ውስጥ፣ ፉጨት ተሰማ።

ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

ኛሙዎን ልጇን አየችው። ከንፈሩ ገጥሟል፤ ዓይኑ ማዶ ላይ ተተክሏል።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

የታጠበውን ልብስ ጨምቃ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው።

«እንግዲያ ሠርጉን አፍጥነው፤» አለችው። «ቃል ብቻ አላስተኛውም።»